የራቱ ኖአ ፍየሎች እና የሎሳሊኒ እጅ

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ፍየሎቹን ጀልባ ላይ ስጭን ነበር። ትልቁ አውራ ቀንዱን ሸሚዜ ውስጥ ሰክቶ፣ እኔም ጢሙን ጨብጬ፣ ማን ማንን እንደሰረቀ ሳይለይ ባሕሩ መሀል ደረስን። እንዴት እንደተረፍኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ስለዚህ ይቅር። የዛሬው ወግ ከፍየሉ የባሰ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ልናገር ተቀምጬ ምን እንደደረሰብኝ ነው።

ላልነበራችሁ ባጭሩ። ስሜ አፓኩኪ ነው፤ መንደሬ ዋይቡላ። ትምህርትና እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ተስማምተን ተለያይተናል። ራኪራኪ ከተማ አጠገብ ባለው የእንስሳት ማቆያ ቮካይ እጠብቃለሁ። ቮካይ አረንጓዴ እንሽላሊት ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ ማበጠሪያ የቆመ እሾህ፣ ጎኑ ላይ ነጭ መቀነት አለው። ከኛ ደሴቶች ሌላ አገር የለውም፤ እኛም ጋ ቢሆን ሊያልቅ ተቃርቧል። ድሮ ሰዎቻችን ይፈሩት ነበር። አጎቴ አንዱን ከዛፍ ላይ ሲያየው ደንግጦ ባሕር ገባና፣ ሲዋኝ ውሎ ሌላ ደሴት ደርሶ፣ እዚያው ሚስት አግብቶ ተመለሰ። አክስቴ የተገኘችው እንደዚያ ነው።

የቮካይ ቤት የነበረችው ናላንጊ የምትባል ትንሽ ደሴት ነች። ባለቤቶቿ የናሞሊ መንደር ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸው ራቱ ኖአ፤ ራቱ ማለት አለቃ ማለት ነው። ራቱ ኖአ ደሴቲቱ ላይ ፍየል ለቀቁ። ፍየሎቹ ቅጠሉን በሉ፣ አበባውን በሉ፣ ቡቃያውን በሉ፤ ቮካይ የሚበላው ደግሞ እሱኑ ነው። ማቆያው የቀሩትን ሰብስቦ እያራባ ጠበቀ። እንቁላል በአሸዋ እየቀበርን፣ ሕፃን እንደሚጠበቅ ወራት እየጠበቅን፣ ቁጥራቸው አደገ። መመለሻ ግን የለም። ትልልቅ ሰዎች ለአለቃ ለመጠጥ የሚቀርበውን የካቫ ሥር ተሸክመው ራቱ ኖአ ዘንድ ሄዱ። ራቱ ኖአ ካቫውን ጠጡና “አስብበታለሁ” አሉ። ፍየሎቹ ግን አያስቡም፤ ይበላሉ።

እኔ ያን ጊዜ ነው የተነሳሁት። የዋይቡላና የናሞሊ ሰዎች ታውቩ ነን። የጥንት አባቶቻችን ከአንድ መንፈስ ስለተወለዱ፣ ታውቩ ከታውቩው ያሻውን ይወስዳል፣ ያሻውን ይሰድባል። የተወሰደበት ይስቃል እንጂ አይቆጣም፤ የተቆጣ ተሸነፈ። ስንጠራራም “ታው” ነው የምንባባለው። አባቴ አንድ ጊዜ የራቱ ኖአን የቤት በር ነቅሎ ወሰደ። ራቱ ኖአ በማግስቱ መጥተው ምሳችንን ከነድስቱ፣ እየፈላ፣ ተሸክመው ሄዱ። ስለዚህ እኔም ፍየሎቹን ወሰድኩ። ራቱ ኖአ ሰምተው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ምን ያድርጉ! አንድ የዝናብ ወቅት አለፈ፤ ደሴቲቱም ለመለመች።

ፍየሎቹን ስሰርቅ ግን ልቤን ማን እንደሰረቀው ካልነገርኳችሁ ወጉ ጎደሎ ነው።

*

ሎሳሊኒ የማቆያው የእንስሳት ሐኪም ናት። ኒውዚላንድ ተምራ የመጣች፤ በዚያ ላይ የራቱ ኖአ ልጅ፣ አዲ ሎሳሊኒ። አዲ የሚባሉት የአለቃ ቤት ሴቶች ናቸው። እኔ ደግሞ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። ይሄ ብቻ ቢሆን እንኳ በቻልኩት ነበር። ችግሩ ታውቩዬ መሆኗ ነው።

አንድ ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ሸሚዝ ቀይሬ፣ እጄን ታጥቤ ነው የጻፍኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ቆመች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ለሠራተኛው ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችው። “አንቺን ሳላይ የዋልኩበት ቀን ጨው የሌለው ካሳቫ ነው” የሚለው ላይ ስትደርስ ወፎቹን የሚመግበው ኤሮኒ ከአግዳሚው ላይ ወደቀ። እሷም ዓይኗን እየጠረገች “ታው፣ ይሄ እስከ ዛሬ ከቀለድከው ሁሉ ይበልጣል!” አለችኝ። እኔም ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ። ታውቩ ለታውቩው “እወድሻለሁ” ቢል ማን ያምነዋል? ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቮካዮቹን ሁለት ጊዜ መገብኳቸው፤ ያበላኋቸውን ረስቼ።

እኔ እውነት መናገር አይሆንልኝም። ለጎብኚዎች ሁልጊዜ “የቮካይ ቅድመ አያቶች ከአሜሪካ ተነስተው፣ በተነቀለ ዛፍ ላይ ተሳፍረው፣ ውቅያኖሱን አቋርጠው ነው የመጡት” እያልኩ አስቃቸው ነበር። አንድ ቀን ሎሳሊኒ ከኋላዬ ሆና ሰማችኝና “እሱስ ልክ ነው፤ ምሁራኑም እንደዚያ ነው የሚሉት” አለች። አያችሁ? አንዴ እውነት ብናገር፣ እሷንም ሳላውቃት!

ወደ ደሴቲቱ ልንወስዳቸው በነበረበት ሳምንት፣ ቮካዮቹን አንድ በአንድ እየመዘንን ነበር። እሷ ትመዝናለች፣ እኔ እይዛለሁ።

“ጠበቅ አድርገህ ያዘው እንጂ፣ ምን ሆነሃል?”

“እኔ ምንም አልሆንኩም። እሱ ነው መልኬን አይቶ የደነገጠ።”

“ጠቁሯልኮ!”

እውነቷን ነው። እስስት ቀለሟን የምትቀይረው ለመደበቅ ነው ይሉ የለ? ቮካይ መደበቅ አያውቅበትም። ልቡ ሲረበሽ አረንጓዴው ይሸሽና ከሰል ይመስላል። የያዘው ሰው እጅ ከተንቀጠቀጠ እሱም ያውቃል።

“እናንተ የዋይቡላ ሰዎች እንደ ቮካይ ብትሆኑ ምን ነበረበት” አለች ፈገግ ብላ። “ስትዋሹ ቆዳችሁን አይተን እናውቅ ነበር።”

“እኔማ እንደሱ ብሆን ዓመቱን ሙሉ የድስት ቂጥ መስዬ ነበር የምታዪኝ።”

ቀና አለች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ፤ ሊነሳ ሲገባው አልተነሳም። ሚዛኑ ላይ ያለው ቮካይ እንኳ መንቀሳቀሱን ተወ። ከዚያ ቶሎ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

“አፓኩኪ።”

በስሜ ስትጠራኝ ፈራሁ። ሁልጊዜ “ታው” ነው የምትለኝ።

“ቅዳሜ እነዚህን እንለቃለን። ሰኞ ደግሞ ቤታችን እንግዶች ይመጣሉ። ከዋና ከተማው፣ ከሱቫ።”

“የምን እንግዶች?”

“የትልቅ ቤት ሰዎች። ልጃቸው ባንክ ነው የሚሠራው። የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው ነው የሚመጡት።”

እኛ ዘንድ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ተይዞ የሚመጣው ለቀልድ አይደለም። ለሞት፣ ለይቅርታ፣ ለጋብቻ ነው። ሰው ደግሞ አልሞተም፤ የተጣላም የለም።

“ትፈልጊዋለሽ?”

“አንድ ጊዜ ነው ያየሁት።”

“እሱን አልጠየቅኩሽም።”

ቮካዩን ከእጄ ተቀበለችና ሆዱን በጣቷ ዳበሰችው። “ጥርስ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢያንስ አይቀልድም” አለች።

“እኔስ ባልቀልድ?”

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አብሮ አልሳቀም። “ታው፣ እባክህ ዛሬ እንኳ ተወኝ።”

ወጣች። ቮካዩና እኔ ተያየን። እሱ ወደ አረንጓዴነቱ ተመለሰ፤ እኔ መመለሻዬ ጠፋኝ።

*

ቅዳሜ ነፋሱ እንደኔ መቀመጫ አጥቶ ነበር። ጀልባዋ ላይ ሁላችንም ጭናችን ላይ የጨርቅ ከረጢት ይዘናል፤ በየከረጢቱ አንድ አንድ ቮካይ። ሎሳሊኒ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። አያታለሁ፣ ባሕሩን ታያለች። ባሕሩን አያለሁ፣ ታየኛለች መሰለኝ። ቀና ስል ግን ከረጢቷን እያየች ነው። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ።

ሞተሩን የያዘው ኤሮኒ “ተቀመጥ እንጂ አንተ! ልታሰምጠን ነው?” ብሎ ጮኸ።

“ብንሰምጥ ምን አለበት? የጥንት አያቴ ሻርክ ላይ ተቀምጦ ካሳቫ እየበላ ሱቫ ደርሷል።”

ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

ናላንጊ ስንወርድ ግን ሁላችንም ቀስ ብለን ነው የተራመድነው። ፍየል የጋጣቸው ጉቶዎች አቆጥቁጠዋል። ቮካይ የሚወደው ቁጥቋጦ ቀይ አበባውን አውጥቷል። ሎሳሊኒ አንዱን ቅጠል ይዛ ቆማ ቀረች። ኒውዚላንድ ሆና ስትማር፣ አሸዋ ውስጥ እንቁላል ስትጠብቅ፣ ያሰበችው ይሄን ቅጠል ነበር።

የናሞሊ ሽማግሌዎች ቀድመውን ደርሰው ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ራቱ ኖአ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

“ሌባው መጣ!” አሉ ከሩቅ። “ፍየሎቼ ደህና ናቸው?”

“ደህና ናቸው ታው! ሰላም ብለውሃል። የአንተ ደሴት ርሃብ ነበር፣ እዚህ ነው ሰው የሆንነው እያሉ ነው። ትልቁማ የፓስተራችንን ሸሚዝ በልቶ እሁድ እሁድ መዘመር ጀምሯል።”

“ይዘምር! እናንተ ስትዘምሩ ዓሣው ጆሮውን ይዞ ከባሕር ይወጣል!”

“በእናንተ በኩል ነዋ የሚወጣው! ታዲያ መች ያዛችሁት? መረባችሁንም እኛ ወስደናል!”

ሽማግሌዎቹ ተንከተከቱ። ከረጢቶቹ መከፈት ጀመሩ። አንድ ቮካይ ራሱን አወጣ፣ ምላሱን አሾለከ፣ አየሩን ቀመሰ። ከዚያ ግንዱን ጨበጠና ወጣ። ማቆያ ውስጥ የተፈለፈለ፣ ዛፍ ማለት በሽቦ የታጠረ ነገር የሚመስለው ፍጡር፣ ሽቦ አገኛለሁ ብሎ ወጣ፣ ወጣ፤ ሽቦ ግን አላገኘም። ቅጠሉ ውስጥ ቆሞ ዞር ብሎ አየን።

“ሂድ” አለችው ሎሳሊኒ ቀስ ብላ። “አትመለስ።” ወደ እኔ ዞር አለችና “ደህና ማቆያ ማለት አንድ ቀን ባዶውን የሚቀር ነው” አለች። ድምጿ ውስጥ ደስታም ስንብትም ነበር። ስንብቱ ለቮካዮቹ ብቻ አልመሰለኝም።

ያን ጊዜ ወሰንኩ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን አጣጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ መዳፌን ጎድጎድ አድርጌ አጨበጨብኩ፤ ያ አለቃ ፊት የሚጨበጨበው ከባዱ ጭብጨባ። እኛ አገር ለቀልድ የሚቀመጥ የለም። ቀልድ ቆሞ ነው።

ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ።

“ራቱ” አልኩ። “የዓሣ ነባሪ ጥርስ የለኝም። መምጣት የነበረባቸው አጎቶቼ ናቸው። ግን እነሱን ብልክ እርስዎ ይስቃሉ፤ አጎቶቼ ራሳቸው መንገድ ላይ ስቀው ይመለሳሉ። ስለዚህ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ልጅዎን እወዳታለሁ። ቀልድ አይደለም።”

ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሊስቅ ሲል ራቱ ኖአ ዱላቸውን አነሱ። ዝም አለ።

“ቀልድ አይደለም?”

“አይደለም።”

“እንግዲያው አሁን ታውቩዬ ሆነህ አይደለም የተቀመጥከው።”

“አይደለም፣ ራቱ።”

“ታዲያ ፍየሎቼን የወሰዳቸው ማን ነው?”

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ያን ሁሉ ተረት የፈጠረ ጭንቅላት ይሄን አላሰበውም።

ራቱ ኖአ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አልተቆጡም። “ታውቩ ከወሰዳቸው ስቄ ትቼዋለሁ። ልጄን የሚፈልግ ሰው ከወሰዳቸው ግን ሌባ ነው። አማች ልሁን የሚል ሰው የአማቱን ደሴት አይዘርፍም። የምርህን ከሆነ መጀመሪያ ፍየሎቼን እዚሁ መልስ፣ ከዚያ ተቀመጥ፣ እሰማሃለሁ። ቀልድህን ከሆነ ተነስና እንሳቅ። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር አይሆንም።”

ትክክል ነበሩ። ይሄ ነው የከፋው። የኛን ሕግ ከኔ በላይ ያውቁታል።

ቀና አልኩ። ዛፉ ላይ ቅጠል ተንቀሳቀሰ። ሎሳሊኒ የመጨረሻውን ከረጢት ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። የምር ነው ብል፣ ፍየሎቹ ነገ በጀልባ ይመለሳሉ፤ ቡቃያው በሳምንት ያልቃል፤ ያቺ ቅጠል ይዛ የቆመች ሴት የሕይወቷን ሥራ በአንድ የዋይቡላ ቀልደኛ ትለውጣለች። እንዲህ አድርጌ ላገባት? ዕድሜ ልኬን በምን ዓይኔ ላያት?

ተነሳሁ። ሽርጤን አራገፍኩ።

“ያዝኩህ!” ብዬ ጮኽኩ። “ያዝኩህ ራቱ! ፊትህን ብታየው! የተቀቀለ ጎደሬ መስለህ ነበርኮ!”

ሽማግሌዎቹ ፈነዱ። ኤሮኒ ሆዱን ይዞ ተንበረከከ። ራቱ ኖአም ሳቁ፤ ከመሳቃቸው በፊት ግን ትንሽ አይተውኝ ነበር። እኔም እንደዚያ እንደ ደብዳቤው ቀን ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ። በውስጤ ግን ባሕር ላይ መቅዘፊያ እንደጠፋበት ሰው ነበርኩ።

ሎሳሊኒ አልሳቀችም።

*

ከረጢቱን ፈታች። የወጣው ቮካይ ጥቁር ነበር፣ እንደ ከሰል። ክንዷ ላይ ቆሞ አልወርድም አለ። ጠበቀችው። አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቅርንጫፍ ላይ አስቀመጠችውና ሰዉን ሁሉ አልፋ መጣች። የእጄን አንጓ ያዘችኝ፤ የታመመ እንስሳ የልብ ትርታ እንደምትሰማ።

“ጠቁረሃል” አለችኝ።

“ፀሐይ ነው።”

“እጅህስ? እሱንም ፀሐይ ነው የሚያንቀጠቅጠው?”

ያ ሁሉ ውሸት የት እንደገባ እንጃ፤ አንድም አልተገኘም።

እጄን ሳትለቅ ወደ አባቷ ዞረች። “አባባ፣ የዋይቡላ ሰዎች ታውቩዎቻችን ናቸው?”

“ናቸው እንጂ።”

“ፍየሎቻችንን ወሰዱ?”

“ወሰዱ፤ ስንሰማው የዋልነው እሱን አይደል?”

“እኛስ በምላሹ ምን ወሰድን?”

“ገና ነን” አሉ ራቱ ኖአ። “አስብበታለሁ።”

“እኔ አስቤ ጨርሻለሁ።” እጄን ወደ ላይ አነሳችው፣ ገበያ ላይ ዶሮ እንደሚነሳ። “ይሄን ወስጄዋለሁ።”

ኤሮኒ አፉን ከፍቶ “መቼ ትመልሺዋለሽ?” አለ።

“ፍየሎቹን መልሳችኋል እንዴ?”

ራቱ ኖአ ዱላቸውን መሬት ውስጥ ሰኩት። ቁጣው ከአንገታቸው ሲወጣ አየሁት፤ ጉንጫቸው ላይ ደርሶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እሳቸውን ያያሉ። ታውቩ ከታውቩው ወስዷል፤ የተቆጣ ተሸነፈ። የኛም መንደር ቢሆን ሳቅ እንጂ ምንም ማለት አይችልም።

“ሰኞ የሚመጡትስ?” አሉ ቀስ ብለው። እንደ አለቃ አልነበረም፤ እንደ አባት ነበር።

“ካቫ እናጠጣቸውና እንሸኛቸዋለን። በታውቩዎች መሀል ያለ ነገር ነው እንላቸዋለን፤ ይገባቸዋል።” ድምጿ እዚህ ላይ ተሰበረ። “አባባ፣ እሱ ቅድም ለደሴቲቱ ሲል ነው የተነሳው። አንተም አይተሃል።”

ራቱ ኖአ ልጃቸውን አዩ። ዛፉን አዩ። እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፤ ከአውራው ፍየል ጋር የሚያወዳድሩኝ ይመስላሉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየሁትም።

“ልጄ” አሉ በመጨረሻ፣ “የምትወስጂ ከሆነ የሚጠቅም ነገር አትወስጂም? ይሄ ከፍየሎቹ ሁሉ አብልጦ ይበላልኮ!”

ዛፉ ሥር ያለው ሰው በሳቅ ተገለበጠ። ራቱ ኖአ ግን ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ፤ ብዙ ቆይተው ነው የተመለሱት። ያን ጀርባቸውን ሳይ፣ ሰው ሳይቆጣ ሲቀር ምን ያህል እንደሚከብደው ገባኝ።

*

ስንመለስ ባዶ ከረጢቶቹ እግራችን ሥር ተቆልለዋል። ሎሳሊኒ አጠገቤ ናት፤ የእጄን አንጓ እስካሁን አልለቀቀችም።

“ሎሳ።”

“ምን?”

“ቀልድሽን ነው?”

ባሕሩን አየች። “ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ያነበብኩት ለምን ይመስልሃል?”

“ለማሳቅ ነዋ።”

“ብቻዬን ባነበው አምነው ነበር። አምኜው ቀልድ ቢሆንስ? ያን ቀን ዓይኔን የጠረግኩት በሳቅ መስሎህ ነው?”

“እሺ፣ የአሁኑስ? ቀልድ ነው ወይስ…”

“እስከ ሰኞ ተቃጠል” አለችና ፊቷን አዞረች። “እኔ ከርሜበታለሁ።”

ምኗን ላንብብ? ፊቷን አላይም። ቆዳዋ ቀለም አይቀይርም። እጄን የያዘው እጇ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ያም ከጀልባዋ ሞተር የመጣ ነው ብዬ ተስፋዬን ቆረጥኩ።

ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ስንደርስ ኤሮኒ ሞተሩን አጠፋ። ጀልባዋ ቆመች፤ ውሃው ረጋ፤ ነፋሱ እንኳ የሆነ ቦታ ተቀምጧል።

እጇ ግን አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር።